ወለተ ክርስቶስ፦ ለስደተኞች የተሟገቱ እናት

ለዛሬ ያዘጋጀሁላችሁ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጃፍ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ ብሎ እንደሚጣራ ታውቃላችሁ። እናቶቻችን ውሃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል፤ ከተገኘው ያበሉታል፤ ከመደቡ ላይ አንጥፈው ያስተኙታል። እንግዲህ አስቡት። አንድ ቀን የአገሩ ገዥ ከእንግዲህ እንግዳ የሚያሳድር እንዳይኖር ብሎ ቢያዝና በዚያው ምሽት አንዲት እናት ሕፃን አዝላ በደጃችሁ ብትቆም ምን ታደርጋላችሁ? በሩን ትዘጋላችሁ? ወይስ ትከፍታላችሁ? ወይስ ወደ ገዥው ሄዳችሁ ትእዛዙ ትክክል እንዳልሆነ ትነግሩታላችሁ?

ይህን የምጠይቃችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ እሑድ ከትምህርት በኋላ ሁለት ልጆች ሲጣሉ ሰማሁ። አንደኛው ሌላውን ሊሰድበው ፈልጎ ስደተኛ አለው። እኔም አዘንኩ። ልጆች፣ ስደተኛ መባል ስድብ አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕፃን ሳለ ሄሮድስ ሊገድለው ፈልጎ እመቤታችን እርሱን ይዛ፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ ተሰዳለች። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ቀን ማኅሌተ ጽጌ እየቆምን የምናስበው ያንኑ ስደት ነው። ስደተኛን የሚንቅ ሰው የማንን ስደት እንደሚያስብ ልብ ማለት አለበት።

አሁን ወደ ታሪካችን እንግባ።

ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 ተወለዱ። አባታቸው ሪቻርድ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ እናታቸውም ኤመሊን ይባላሉ። ሲልቪያ ልጅ ሳሉ ሥዕል መሣል እጅግ ይወዱ ስለ ነበር አድገው የሥዕል ትምህርት ተማሩ። ነገር ግን በዙሪያቸው የሚያዩት ችግር ሥዕላቸውን ብቻ ይዘው እንዲቀመጡ አላደረጋቸውም። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ሴቶች የሕዝብ እንደራሴ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ሲልቪያ ከእናታቸውና ከእኅታቸው ጋር ሆነው ስለዚህ መብት ተከራከሩ። ብዙ ጊዜ ታሰሩ፤ በእስር ቤትም ምግብ አንበላም ብለው ተሰቃዩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በምሥራቅ ለንደን ለድሆች በርካሽ የሚበላበት ምግብ ቤትና ለሕፃናት መዋያ ከፈቱ።

ልጆች፣ ሚስ ሲልቪያ ያደጉት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም። ሐሳባቸውንም ሁሉ ተቀበሉ ማለቴ አይደለም። ይሁን እንጂ ደጉ ሳምራዊም ከሌላ ወገን የመጣ ሰው እንደ ነበረ አትርሱ። በመንገድ የወደቀውን ሰው ባየ ጊዜ ግን አልፎት አልሄደም። እኝህም ሴት እንደዚሁ ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። በአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ በሕዝቡ ላይ ጣለ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ጎንደርን ያዘ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 5፣ 1936 ነበር። የሚስ ሲልቪያ የልደት ቀን መሆኑን ልብ አላችሁ? በዚያን ዕለት 54 ዓመት ሞላቸው። የኢትዮጵያ ነገር አለቀ በተባለበት በዚያው ቀን ቍጥር ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡ። ስሙ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ነው፤ አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ዜና ማለት ነው። ልደታቸውን ያከበሩት በዚህ ሥራ ነበር።

ከወረራው በኋላ ብዙ ወገኖቻችን ተሰደዱ። ከእኛ ከጎንደር አገር የሚሰደደው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ከደቡብ ያሉት ወደ ኬንያ፣ ከምሥራቅ ያሉት ወደ ጅቡቲና በእንግሊዝ ሥር ወደ ነበረው ሶማሌላንድ ገቡ። በኢየሩሳሌም ወዳለው ገዳማችን የተጠጉም ነበሩ። ከኢጣልያ ጦር የከዱ ኤርትራውያን ወታደሮችም ከስደተኞቹ ጋር ነበሩ። በኬንያ በሺህ የሚቈጠሩት ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ኢሲዮሎ በሚባል ቦታ በተከለለ ሰፈር እንዲቀመጡ ተደረገ፤ በኋላም ታቬታ ወደሚባል ቦታ ተወሰዱ። እንደ ልባቸው ወጥተው መግባት አይችሉም ነበር።

ሱዳንም ኬንያም በዚያን ጊዜ የሚተዳደሩት በእንግሊዝ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ኢጣልያን ማስቀየም አልፈለገም። ስለዚህ ስደተኞቹን እንደ ሸክም ቈጠራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ለንደን ሲደርሱ መንግሥቱ ለንጉሥ የሚገባውን አቀባበል አላደረገላቸውም። ሕዝቡ ግን በባቡር ጣቢያው ተሰብስቦ ተቀበላቸው፤ ሚስ ሲልቪያም ከተቀባዮቹ መካከል ነበሩ።

እኝህ ሴት ምን መሣሪያ ነበራቸው? ጦር የላቸውም፤ ሥልጣን የላቸውም፤ ብዙ ገንዘብም የላቸውም። ያላቸው ብዕር ነበር። በየሳምንቱ ስለ ስደተኞቹ ኑሮ፣ በአገር ውስጥም ስለሚፈጸመው ግፍ ይጽፋሉ። በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ የብዙ ሰው ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ኢጣልያ ይህን ሁሉ ለመደበቅ ትደክም ነበር፤ የእርሳቸው ጋዜጣ ግን የግፉን ወሬ ለዓለም አዳረሰ። ጋዜጣውን ለሕዝብ እንደራሴዎች፣ ለሚኒስትሮችና ለሌሎች ጋዜጦች ይልኩ ነበር። ለሚኒስትሮች ያለ ማቋረጥ ደብዳቤ ስለሚጽፉ ጸሐፊዎቹ የእርሳቸውን ደብዳቤ ማየት ሰለቻቸው ይባላል። ለስደተኞች የሚሆን እርዳታም ይለምኑ ነበር።

በዚያው ዘመን በጀርመን አገር ሂትለር አይሁዳውያንን ማሳደድ ጀምሮ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የመግቢያ ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘ። ፈቃዱን ያላገኘ ብዙ ሰው ከደጅ ቀረ። ሚስ ሲልቪያ እነዚህን አይሁዳውያን ስደተኞችም ይረዱ ነበር። የኢትዮጵያን ስደተኛ ወዳጄ፣ ሌላውን ግን ባዕድ አላሉም። ለእርሳቸው የተሰደደ ሁሉ ሰው ነበር።

በ1931 ዓ.ም. ኅዳር ወር ግን ከባድ ነገር መጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት መሆኗን ተቀበለ። በየአገሩ ያሉ ስደተኞች ይህን ሲሰሙ እንዴት ያለ ኀዘን እንደ ተሰማቸው አስቡት። አገራችሁ ከእንግዲህ የለችም እንደ መባል ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ ዝም ይል ነበር። ሚስ ሲልቪያ ግን ውሳኔውን ተቃወሙ፤ ጋዜጣቸውንም አላቆሙም። የራሳቸው መንግሥት ሲሳሳት ተሳስተሃል ማለት አገርን መጥላት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ልጅ አባቱን ከገደል ጫፍ ቆሞ ቢያየው ዝም ይለዋልን?

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተለወጠ። በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ወር ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ዐወጀች። እንግሊዞችም ቀድሞ እንደ ሸክም ይቈጥሯቸው የነበሩትን ስደተኞች አሁን ፈለጓቸው። በኬንያ ከስደተኞቹ መካከል ወታደሮች ተመለመሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ ጎጃምን ነፃ ለማውጣት ከተዋጉት መካከል ከኬንያ የስደተኛ ሰፈር የመጡ ወታደሮች ነበሩ። ትናንት በአጥር ተከልለው እህል ይሰፈርላቸው የነበሩት፣ ዛሬ ከአርበኞች ጋር ሆነው አገራቸውን ነፃ አወጡ። ስለዚህ ስደተኛን ስታዩ የዛሬ ችግሩን ብቻ አትዩ፤ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ይህም ሜይ 5 ነው! ዋና ከተማችን በተያዘችበት ቀን ጋዜጣቸውን የጀመሩት ሴት በልደታቸው ቀን የድካማቸውን ፍሬ አዩ። የእኛ ጎንደር ግን ጠላት እስከ መጨረሻ የመሸገባት ከተማ ስለ ነበረች ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ከድል በኋላም ሚስ ሲልቪያ ሥራዬ አለቀ ብለው አልተቀመጡም። በስደት ጊዜ በለንደን የነርስነት ትምህርት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ፣ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ያሰባሰቡት እርሳቸው ናቸው። ሆስፒታሉም በአዲስ አበባ ተሠራ። ጋዜጣቸውንም 20 ዓመት ሙሉ ካወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። በዚያን ጊዜ 74 ዓመታቸው ነበር። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድም ዕድሜያቸውን የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ አሳልፈዋል።

ሚስ ሲልቪያ በ78 ዓመታቸው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐረፉ። ቀኑ የመስቀል በዓል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በታላቅ ክብር በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ለአገራቸው የታገሉ አርበኞች ባረፉበት ስፍራ ተቀበሩ። በዚያን ጊዜም ወለተ ክርስቶስ ተባሉ። ወለተ ክርስቶስ ማለት የክርስቶስ ልጅ ማለት ነው። አዲስ አበባ የመሄድ ዕድል ሲገጥማችሁ መቃብራቸውን ሄዳችሁ ተመልከቱ።

ልጆች፣ ይህ ታሪክ ያለፈ ብቻ አይደለም። አያቶቻችን ወደ ሱዳን የተሰደዱበትን የመተማን መንገድ አስቡ። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በዚያው በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰደው መጥተዋል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም በዳባት አጠገብ ዓለም ዋጭ በሚባለው ቦታ ኤርትራውያን ስደተኞች እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ያን ጊዜ የሰው ደጅ የቆምነው እኛ ነበርን፤ አሁን በእኛ ደጅ ሌሎች ቆመዋል። በማክሰኝት በኩል ወደ ጎንደር በሚያልፈው መኪና ውስጥ ልጁን ታቅፎ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ አናውቅም። ጌታችን ግን በፍርድ ቀን እንግዳ ሆኜ ሳለሁ ተቀበላችሁኝን ብሎ እንደሚጠይቀን አስተምሮናል።

እናንተ ገና ልጆች ናችሁ፤ ሕግ አታወጡም፤ ጋዜጣም የላችሁም። ግን የምትችሉት አለ። ስደተኛ የሚለውን ቃል ለስድብ አታድርጉት። ቋንቋው ወይም ልብሱ የተለየ ልጅ ወደ ክፍላችሁ ሲመጣ ከአጠገባችሁ ቦታ ስጡት። ሌሎች ሲያፌዙበት ደግሞ ዝም አትበሉ። ሚስ ሲልቪያም የጀመሩት ዝም ባለማለት ነው።

እግዚአብሔር አምላክ የተሰደዱትን ወደ አገራቸው በሰላም ይመልስልን፤ እኛንም እንግዳ ተቀባዮች ያድርገን። አሜን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ስደተኛ መባል ስድብ ያልሆነው ለምንድን ነው? ከእመቤታችን ስደት ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
2. ሚያዝያ 27 ቀን በሚስ ሲልቪያ ታሪክ ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? በእያንዳንዱ ምን ተፈጸመ?
3. በ1931 ዓ.ም. ኅዳር ወር የእንግሊዝ መንግሥት ምን ወሰነ? ሚስ ሲልቪያስ ምን አደረጉ?
4. በኬንያ የነበሩት ስደተኞች በኋላ ለአገራቸው ምን ሠሩ?
5. የቤታችሁን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ፦ ከቤተሰባችሁ በስደት የኖረ ሰው አለን? ማንስ ተቀበለው? የነገሯችሁን በሚቀጥለው እሑድ ለክፍሉ ተናገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።