በዓሉ ግርማ፦ ከሱጴ እስከ ኦሮማይ

ከነቀምቴ ተነስቶ የዴዴሳን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ በበደሌ በኩል ኢሉባቦር ይገባል። ደንና ቡና የለበሰው ይህ ምድር ከአማርኛ ልብወለድ ታላላቅ ደራስያን አንዱን፣ በዓሉ ግርማን አፍርቷል።

በዓሉ በ1930ዎቹ መባቻ ሱጴ ላይ ከሕንዳዊ ነጋዴ አባትና ከአካባቢው ተወላጅ እናት ተወለደ። በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄዶ በልዕልት ዘነበወርቅና በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶች ተማረ። በዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ካጠና በኋላ ሁለተኛ ዲግሪውን በአሜሪካ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገኘ። ሲመለስ መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን አዘጋጀ። በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ።

የመጀመሪያ ልብወለዱ ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ታተመ፤ ሥራውን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን የሚመኝ የከተማ ምሁር ታሪክ ነው። ለገጠር አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የህሊና ደወል ይመስለኛል። ባለታሪኩ ሀዲስ በኢሉባቦር የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። በዓሉ ይህንኑ መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ አስፍቶ ሀዲስ በሚል ርዕስ ዳግም ጻፈው። በከፍተኛ ሹመት ላይ ያለ ሰው ወደዚያ የገጠር መምህር መመለሱ፣ የትውልድ አገሩ ከልቡ እንዳልወጣ ያሳያል። የቀይ ኮከብ ጥሪና ደራሲው የተባሉት ልብወለዶቹም የዚሁ የሹመት ዘመን ፍሬ ናቸው።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የኤርትራን ጦርነት ለመቋጨት የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያውጅ በዓሉ ለቅስቀሳው ሥራ አስመራ ሄደ። ከዚያ የተመለሰው ግን መንግሥቱ ከሚፈልገው የድል ወሬ ሌላ ነገር ይዞ ነው። ኦሮማይ የተባለው ልብወለዱ የዘመቻውን ውጥንቅጥ፣ የሹማምንቱን ጠባይና የሚረግፈውን ወጣት በአንድ ጋዜጠኛ ዓይን ያሳያል። ርዕሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ሲሆን፣ አበቃ፣ ከእንግዲህ አለቀ እንደ ማለት ነው። ባለሥልጣናቱ በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን ለማወቅ አልተቸገሩም።

ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ገበያ ላይ የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ታገደ፤ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። ከለቀማው የተረፈው ቅጂ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መኪናው በቃሊቲ በኩል መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ነበር፤ ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ለዓመታት ደጅ ደጁን ሲያዩ ኖሩ። በደርግ ሰዎች እንደ ተገደለ በሰፊው ይታመናል። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላም አስከሬኑ አልተገኘም።

ኦሮማይ ግን ዳግም ታትሞ በግልጽ ተሸጠ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል።