የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ሚካኤል ፋራዴይ

ሚካኤል ፋራዴይ በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ አጠገብ፣ በሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. ተወለደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወሩና ዓመቱ የሚቈጠረው እንደ አውሮፓውያን ልማድ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ነገር ግን ጤና ስላልነበረው ሁልጊዜ መሥራት አልቻለም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ እጅግ ድኻ ነበረ። በ1801 ዓ.ም. እህል በተወደደ ጊዜ ብላቴናው ለአንድ ሳምንት የሚበቃው አንድ ዳቦ ብቻ ይሰጠው ነበር። በትምህርት ቤትም ንባብና ጽሕፈት፣ ጥቂትም ቍጥር ከመማር በቀር ሌላ ትምህርት አላገኘም።

ዕድሜው 13 ዓመት በሆነ ጊዜ ከአንድ መጽሐፍ ሻጭና ደጓሽ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። በየቤቱ ጋዜጣ ያደርስ ነበር። ጌታው ታማኝነቱን አይቶ፣ በ1805 ዓ.ም. ያለ ምንም ክፍያ የድጕሰት ሥራ ሊያስተምረው ተቀበለው። ይህም ትምህርት 7 ዓመት የሚፈጅ ነበረ።

ብዙ ደጓሾች የመጽሐፉን ቆዳ ብቻ ያያሉ፤ ሚካኤል ግን ቀን የሚደጕሰውን መጽሐፍ ማታ ያነብብ ነበር። አንድ ቀን ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ ምዕራፍ አገኘ። ያነበበው ነገር እውነት መሆኑን በዓይኑ ሊያይ ወደደ፤ በጥቂት ሳንቲም ጠርሙስ ገዝቶ፣ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ትንሽ መኪና በእጁ ሠራ። እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የነበረው ታላቅ ወንድሙም ለማታ ትምህርት የሚከፈለውን ገንዘብ ይሰጠው ነበር።

በ1812 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ሊቅ የሚያስተምርበትን ጉባኤ መግቢያ ወረቀት ሰጠው። ሚካኤል 4 ጊዜ ሄዶ ሰማ። የሰማውንም ሁሉ በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሥዕሉን ሥሎ፣ በገዛ እጁ ደጕሶ፣ ሥራ እንዲሰጠው ከሚለምን ደብዳቤ ጋራ ወደ ዴቪ ላከው። በማርች 1813 ዓ.ም. ዴቪ በሚሠራበት በንጉሣዊው የትምህርት ማኅበር ቤት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ዕቃ ማጠብና ማሰናዳት ነበረ፤ እርሱ ግን በደስታ ፈጸመው።

በዚያን ጊዜ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከባትሪ ነበረ። ባትሪ ውድ ነው፤ ኃይሉም ቶሎ ያልቃል። በ1820 ዓ.ም. ኧርስቴድ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ ዘወር እንደሚል አየ። ፋራዴይም በ1821 ዓ.ም. ሽቦ አንጠልጥሎ ጫፉን ባዜቃ ውስጥ ነከረው፤ በመካከሉም ማግኔት አቆመ። ኤሌክትሪክ ባሳለፈበት ጊዜ ሽቦው በማግኔቱ ዙሪያ ይዞር ጀመር። በኤሌክትሪክ የሚዞር መኪና ሁሉ መጀመሪያው ይህ ነው።

ነገር ግን ከደስታው ጋራ ኀዘን መጣበት። ዎላስተን የሚባል ሌላ ሊቅ ይህን የመሰለ ነገር ይፈልግ ነበርና፣ አንዳንድ ሰዎች ፋራዴይ የሌላውን አሳብ ሰረቀ ብለው አሙት። ለድኻ ልጅ ከስሙ በቀር ሌላ ሀብት የለውም። ፋራዴይ ግን አልተሳደበም፤ ነገሩን ለማስረዳት ራሱ ወደ ዎላስተን ጻፈ። የታላቁ የሊቃውንት ማኅበር አባል እንዲሆን በታሰበ ጊዜ፣ መምህሩ ዴቪ ተቃወመው። ሆኖም በ1824 ዓ.ም. ተመረጠ። ከዚያም በኋላ መምህሩ አስቀድሞ ያደረገለትን ቸርነት አልረሳም፤ ስሙን በአክብሮት ያነሣው ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ልቡን ያዘው። ኤሌክትሪክ የማግኔትን ኃይል ከሰጠ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን ሊሰጥ አይችልምን? ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ሞከረ፤ ምንም አላገኘም። ያልተሳካውንም ሙከራ ሳያፍር በደብተሩ ይጽፍ ነበር።

በኦገስት 29 ቀን 1831 ዓ.ም. የብረት ቀለበት ወስዶ፣ በአንዱ ወገን አንድ የመዳብ ሽቦ፣ በሌላው ወገን ሌላ የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ። በሽቦው መካከል ሲባጎ፣ በየድርቡም አቡጀዲ አደረገ። ይህን ያደረገበት ምክንያት አለው። ኤሌክትሪክ በመዳብ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ በደረቅ ጨርቅ ግን አያልፍም። ራቁቱን የሆነ ሽቦ ሌላውን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በረጅሙ መንገድ መዞርን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል፤ ሥራውም ይበላሻል። ዛሬ የመብራት ሽቦ በላስቲክ የሚሸፈነው ስለዚህ ነው፤ ደግሞም የሰውን ሕይወት ይጠብቃል።

ፋራዴይ የአንደኛውን ወገን ሽቦ ከባትሪ ጋራ ባገናኘ ጊዜ፣ በሁለተኛው ወገን ያለው መርፌ ተንቀጥቅጦ ተመለሰ። ባትሪውን በለየ ጊዜ እንደ ገና ተንቀጠቀጠ። ኤሌክትሪኩ ሳይለወጥ ሲፈስ ግን መርፌው ጸጥ አለ። እንግዲህ ምስጢሩ በመለወጥ እንጂ በመቆም እንዳልሆነ አስተዋለ። በኦክቶበር 17 ቀን ማግኔትን በጥምጥም ሽቦ ውስጥ ቢያስገባና ቢያወጣ ኤሌክትሪክ ተገኘ። በ28ኛውም ቀን የመዳብ ሳሕን በታላቅ ማግኔት ጫፎች መካከል እያዞረ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የእጅ፣ የእንፋሎት፣ የወንዝም ጕልበት ወደ ኤሌክትሪክ ሊለወጥ ቻለ።

ደግሞ ቴሌግራፍ በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ጊዜ፣ ሽቦውን ጉታ ፐርካ በሚባል የዛፍ ሙጫ ይሸፍኑት ነበር። ነገር ግን መልእክቱ እየዘገየና እየተደባለቀ ይደርስ ነበር። በ1854 ዓ.ም. ፋራዴይ ምክንያቱን ገለጠ። ውስጡ መዳብ፣ ዙሪያው ሙጫ፣ ውጪው ውኃ በመሆኑ፣ ረጅሙ ሽቦ እንደ ጋን ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ሳይሞላም ወደ ሌላው ጫፍ ፈጥኖ አያደርስም። በ1858 ዓ.ም. በአትላንቲክ ባሕር የተዘረጋው የመጀመሪያው ሽቦ ጉድለት ነበረበት፤ እጅግ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ስለ ተላከበትም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። በ1866 ዓ.ም. ግን የተሻለ ሽቦ ተዘርግቶ ጸና። በሽቦ ሥራ ከኃይል ብዛት ይልቅ ጥንቃቄ ይበልጣል።

ፋራዴይ ለነጋዴዎች በመሥራት ባለጠጋ ሊሆን ይችል ነበር፤ ለምርምር ጊዜ እንዲያገኝ ያን ገቢ ተወ። የመኳንንትን ማዕረግና የሊቃውንት ማኅበሩን ሹመትም አልቀበልም አለ። በትንሽ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ሽማግሌ ሆኖ ያገለግልና ሕሙማንን ይጠይቅ ነበር። በልደት በዓል ሰሞንም ለልጆች ያስተምር ነበር፤ በአንዲት ሻማ ብቻ ብዙ ጥበብ አሳያቸው። በመጨረሻ ዘመኑ የማስታወስ ኃይሉ ደከመ፤ እርሱም በትዕግሥት ተቀበለው። በኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. አረፈ። በመቃብሩም ላይ ስሙና የተወለደበት፣ የሞተበትም ቀን ብቻ ያለበት ተራ ድንጋይ ቆመ።

ዛሬ በጉባኤ ቤት ድምፅን የሚያጐላው መሣሪያ የሚሠራው በማግኔት አጠገብ ባለ ጥምጥም ሽቦ ነው። በአዋሽ ላይ በቆቃ፣ እንዲሁም በዓባይ ላይ በታላቁ ግድብ፣ ውኃው መኪናውን ሲያዞር ኤሌክትሪክ የሚወለደው በ1831 ዓ.ም. በተገኘው በዚያው ሕግ ነው።

ልጆች ሆይ፤ ብረት ቀጥቃጭን አትናቁ፤ የድኻንም ልጅ አታቃልሉ። ያነበባችሁትን መርምሩ፤ የሰማችሁትን ጻፉ፤ ሥራችሁ አንድ ጊዜ ባይሳካ ተስፋ አትቍረጡ። ሰው ቢያማችሁም እንደ ፋራዴይ በመልካም ሥራ መልሱ።