የአውግስጢኖስ ሕይወትና የጥምቀት ነገር

በአገራችን በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፤ ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ክርስትና ይነሣሉ። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት ካደግነው መካከል የተጠመቀበትን ቀን የሚያስታውስ የለም፤ የክርስትና አባትና እናት ሲያወሩልን እንሰማለን እንጂ። ከ1600 ዓመት በፊት በሰሜን አፍሪካ ግን ብዙ ምእመናን ጥምቀትን እስከ ጕልምስና፤ አንዳንዶቹም እስከ ሞት አልጋ ድረስ ያቈዩት ነበር። ሰው ሳይጠመቅ ቢሞት ይድናልን የሚለው ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤቱ የገጠመውን አንድ አፍሪካዊ ታሪክ እንጽፋለን፤ እርሱም አውግስጢኖስ ነው። ዘመኑን ሁሉ ያሰፈርነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አውግስጢኖስ በ354 ዓ.ም. ታጋስቴ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ ሱቅ አህራስ ተብላ በአልጄሪያ ትገኛለች። አባቱ ፓትሪኪዮስ ገና ያላመነ ሲሆን እናቱ ሞኒካ ጸሎተኛ ክርስቲያን ነበረች። እርስዋም ልጅዋን በመስቀል ምልክት አስባርካ ከንኡሰ ክርስቲያን ወገን አስቈጠረችው እንጂ አላስጠመቀችውም። ልጅ ሳለ አንድ ቀን ሆዱን ክፉኛ ታመመና ሊሞት ተቃረበ፤ ይጠመቅም ዘንድ ራሱ ለመነ። እናቱ ደንግጣ ስትሰናዳ ሕመሙ ድንገት ተወው፤ ጥምቀቱም ቀረ። ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት ከቀድሞው የከበደ ነው ይባል ስለ ነበረ፤ የወጣትነቱ እሳት እስኪበርድ ይቈይ ተባለ። አውግስጢኖስ ካደገ በኋላ ይህን አሳብ ነቅፎታል። ሕመምተኛን ገና አልዳነምና ይባስበት ብሎ የሚተወው የለምና።

በካርታጎ ንግግር ማሳመርን ተማረ፤ በዚያም ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ ኖሮ አዴኦዳቱስ የሚባል ልጅ ወለደ፤ ስሙ እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው። ማኒ የተባለው የፋርስ ሰው ያስነሣውንም ትምህርት ተከተለ።

ወደ ታጋስቴ ተመልሶ ሲያስተምር አብሮ አደግ ወዳጁ በንዳድ ታሞ ራሱን ሳተ። ቤተ ዘመዶቹም ሳያውቀው አስጠመቁት። አውግስጢኖስ ይህን ከቁም ነገር አልቈጠረውም፤ ራሱን የሳተ ሰው ውኃ ቢፈስበት ምን ይጠቅመዋል ብሎ አሰበ። ወዳጁ ነፍስ ሲዘራ አብሮት የሚስቅ መስሎት በጥምቀቱ ቀለደበት። ያ ሰው ግን እንደ ጠላት ተመለከተው፤ ወዳጅነቱን ከፈለገ እንዲህ ያለውን ቃል እንዳይደግመው ቈጣ ብሎ ነገረው። ከጥቂት ቀን በኋላ አውግስጢኖስ በሌለበት ንዳዱ ተመልሶ ገደለው። በዚህ ኀዘን የትውልድ ከተማው እስር ቤት ሆነበትና ጥሏት ሄደ። እኛ እንደሚመስለን በኋላ ስለ ጥምቀት የጻፈውን ሁሉ የዚህ ሰው ፊት ሳይከተለው አልቀረም።

በኢጣልያ አገር በሚላኖ የጳጳሱን የአምብሮስዮስን ስብከት ሰምቶ ልቡ ተመለሰ። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት በ32 ዓመቱ ከልጁ ከአዴኦዳቱስና ከወዳጁ ከአሊፒዮስ ጋር ተጠመቀ። የተጠመቀበት ስምንት ማዕዘን ያለው ገንዳ መሠረት ዛሬም ከትልቁ ካቴድራል ፊት ካለው አደባባይ ሥር ይታያል። እናቱ በዚያው ዓመት ዐረፈች። ልጁም ብዙ ሳይቈይ በወጣትነቱ ሞተ፤ አባትየውም ስለ ልጁ ነፍስ ስጋት እንደሌለበት ጻፈ።

ወደ አፍሪካ ተመልሶ በ391 ዓ.ም. በሂፖ ቅስና ተቀበለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጳጳስ ሆነ። ስለ ጥምቀት በጻፈው መጽሐፍ፤ ለመጠመቅ ጊዜ ያጣን ሰው እምነቱና የልቡ መመለስ ሊያድነው እንደሚችል አስተማረ፤ ለዚህም ፈያታዊ ዘየማንን ምሳሌ አደረገ። በእርጅናው መጻሕፍቱን ሲያርም ግን ያ ወንበዴ ቀድሞ አለመጠመቁ በምን ይታወቃል ብሎ ምሳሌውን ተጠራጠረው። የገዛ ጽሑፉን እንዲህ የሚመረምር ሊቅ ብዙ አይገኝም።

ስለ ሕፃናት የሰጠው ፍርድ ግን ከባድ ነው። ፔላጊዮስ የተባለ መነኵሴ ሰው ከአዳም በደል አይወርስም ብሎ ባስተማረ ጊዜ አውግስጢኖስ አጥብቆ ተቃወመው። በ418 ዓ.ም. የካርታጎ ጉባኤም ሕፃናት ጥምቀት አያሻቸውም የሚሉትን አወገዘ። አውግስጢኖስ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ይሁን እንጂ አይድኑም አለ። ይህን ስናነብ ልባችን ከበደ፤ ከእኛ መካከል ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ታናሽ ወንድም ያለው አለና። እርሱም ቢሆን ነገሩ ሳይጨንቀው አልቀረም፤ በ415 ዓ.ም. ለሄሮኒሞስ በላከው ደብዳቤ ወደ ሕፃናቱ ቅጣት ሲደርስ የሚመልሰው እንደሚጠፋው ገልጾ ነበር።

በ429 ዓ.ም. ቫንዳሎች ከእስፓንያ ተሻግረው አፍሪካን ወረሩ። ካህናት ይሽሹን ብሎ ለጠየቀው ጳጳስ አውግስጢኖስ የመለሰለት፤ ጥፋት በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ይጠመቅ ዘንድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣልና የሚያጠምቀው ካህን ሊያጣ አይገባም ብሎ ነው። በ430 ዓ.ም. ሂፖ ራስዋ ተከበበች። እርሱም ከመንበሩ ሳይነቃነቅ ከበባው በተጀመረ በሦስተኛው ወር ነሐሴ 28 ቀን በ76ኛው ዓመቱ ዐረፈ።