ሃንስ ክርስቲያን ግራም፦ ባክቴሪያን በቀለም ለሁለት የከፈሉት ሐኪም

ከሱዳኗ ገዳሪፍ እስከ ኢትዮጵያዋ መተማ ያለው ምድር፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጣና ውስጥ ይገኛል። በደረቁ ወራት በሽታው ሲጠረጠር ከሕመምተኛው አከርካሪ የሚቀዳው ፈሳሽ በቤተ ሙከራ ቀለም ተቀብቶ ይመረመራል። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩት ባክቴሪያዎች ቀይ ከሆኑ ሜኒንጎኮከስ፣ ሐምራዊ ከሆኑ ደግሞ ኒሞኮከስ ይጠረጠራል። ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት ቀናት ሲወስድ፣ ቀለሙ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ፍንጭ ይሰጣል። በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ለሚችል በሽታ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ነው።

የዘዴው ባለቤት ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.አ.አ. በ1853 በኮፐንሃገን ተወለዱ። አስቀድመው ዕፅዋትን አጠኑ፤ ኋላ ወደ ሕክምና ዞረው በ1878 ተመረቁ።

በ1884 በርሊን ውስጥ ከካርል ፍሪድላንደር ጋር ሲሠሩ፣ የሳንባ ምች መንስኤ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከሩ ነበር። ግራም በምች ከሞቱ ሰዎች ሳንባ የተወሰደን ናሙና ሐምራዊ ቀለም ቀቡ፤ አዮዲን ጨመሩበት፤ በመጨረሻም በአልኮል አጠቡት። የሳንባው ሥጋ ቀለሙን ሲለቅ ባክቴሪያዎቹ ይዘውት ቀሩ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን እንደ ሥጋው ቀለማቸውን ለቀቁ። ግራም ይህን እንደ ጉድለት ቆጠሩት፤ ዘዴው ገና ያልተሟላ መሆኑን ሳይሸሽጉ በዚያው ዓመት አሳተሙት። ቀለም የለቀቁትን በቀይ መልሶ የማቅለሙን ልማድ ያስፋፉት ሌሎች ናቸው።

ጉድለት የመሰላቸው ነገር የባክቴሪያዎቹን የተፈጥሮ ልዩነት የሚገልጥ ነበር። ሐምራዊውን ይዘው የሚቀሩት፣ ፔፕቲዶግላይካን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ ወፍራም ግድግዳ አላቸው። ቀለሙን የሚለቁት ግድግዳቸው ስስ ሲሆን፣ በላዩ ቅባትነት ያለው ሽፋን ደርበዋል። አልኮሉ ሽፋኑን ሲያሟሟ ቀለሙ ያመልጣል። ይኸው ሽፋን ብዙ መድኃኒቶች ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ስለሚከላከል፣ ቀለሙ ለመድኃኒት ምርጫም ይጠቅማል።

ግራም በ1891 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ጥናት፣ በ1900 ደግሞ የሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1923 ጡረታ ወጥተው በ1938 በ85 ዓመታቸው አረፉ።

ሱዳን በ2012፣ ኢትዮጵያ በ2013 የሜኒንጎኮከስ ኤ ክትባት መስጠት ከጀመሩ ወዲህ በቀጣናው በዚህ ዓይነቱ ተህዋስ የሚመጣው ወረርሽኝ እጅግ ቀንሷል። ሌሎቹ የማጅራት ገትር መንስኤዎች ግን አልጠፉም፤ የግራም ቀለምም ከቤተ ሙከራው አልወጣም።