የድምፅ ባለጸጋው ፒተር ሴለርስ

ሰውን ማሣቅ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። በተለይም ስሙ በአገር የገነነን ዘፋኝ አስመስሎ ማሣቅ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ይጠይቃል። ቀልደኛው በመጀመሪያ የዘፋኙን አነጋገርና አኳኋን ጠንቅቆ ማጥናት አለበት፤ ቀጥሎም ሕዝቡ ያንን ዘፋኝ ስለ ምን እንደሚወድደው ማወቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው ብቻ ያለው ሰው ከገደል ማሚቶ አያልፍም። ሁለቱንም አሟልተው ከያዙት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፒተር ሴለርስ ስለ ሆነ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴለርስ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1925 ዓ.ም. በፖርትስማውዝ የወደብ ከተማ፣ ሳውዝሲ በተባለው ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በየቴአትር ቤቱ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ያወጡለት ስም ሪቻርድ ሄንሪ ነበር፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት ሞቶ የተወለደው ወንድሙ ፒተር ተብሎ ስለ ነበር በዚያው ስም እየጠሩ አሳደጉት። እንግዲህ ይህ ሰው ገና ከሕፃንነቱ የሌላ ሰው ስም ተሸክሞ ኖረ ማለት ነው። እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ፕሮቴስታንት፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ደግሞ የካቶሊኮች ነበር።

በ1943 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ወደ እንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ገባ። አውሮፕላን ለመንዳት ቢመኝም ዓይኑ ደካማ ስለ ነበር ወታደሮችን ከሚያዝናናው ቡድን ጋራ ተመደበ። በሕንድ፣ በሲሎንና በቡርማ ሲዘዋወር የከፍተኛ መኰንኖችን ልብስ እየለበሰና ድምፃቸውን እየያዘ በመኰንኖች ክበብ ይገባ እንደ ነበር ይነገርለታል።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ማግኘት ተቸገረ። በ1948 ዓ.ም. ሮይ ስፒር ለተባለው የቢቢሲ የራዲዮ አዘጋጅ ስልክ ደወለ፤ ሲደውል ግን በራሱ ድምፅ አልተናገረም። በዚያ ዘመን በራዲዮ እጅግ የታወቁትን የኬኔት ሆርንንና የሪቻርድ መርዶክን ድምፅ አስመስሎ፣ ሴለርስ የሚባል ጎበዝ ወጣት መኖሩን ለአዘጋጁ አበሠረው። በመጨረሻ ማንነቱን ሲገልጽ አዘጋጁ ቢገረምም ለፈተና ጠራው፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ድምፁ በራዲዮ ተሰማ። የራሱ ድምፅ ያልከፈተለትን በር የተውሶ ድምፅ ከፈተለት።

ከ1951 እስከ 1960 ዓ.ም. ከስፓይክ ሚሊጋንና ከሃሪ ሲኮም ጋራ «ዘ ጉን ሾው» በተባለው የራዲዮ ጨዋታ እንግሊዝን በሣቅ አንከተከታት። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ በተከፈተው የንግድ ቴሌቪዥን «ኤ ሾው ኮልድ ፍሬድ» የተባለውን አጫጭር ቀልድ ከሚሊጋን ጋራ አሳየ። አዘጋጁ ሪቻርድ ሌስተር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ነበርና ስሙን አንባቢ ያስታውስልን።

በዚያው በ1956 ዓ.ም. ቶሚ ስቲል የሚባል ዘፋኝ በእንግሊዝ አገር ድንገት ገነነ። እውነተኛ ስሙ ቶማስ ሂክስ ሲሆን በርመንድዚ በተባለው የሎንዶን የሠራተኞች ሰፈር ተወልዶ በንግድ መርከብ ላይ ያገለግል የነበረ ልጅ ነው። ጊታሩን ይዞ ሮክ ኤንድ ሮል መዝፈን ሲጀምር ወጣቱ ሁሉ ተከተለው። ስቲል የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ከአረብ ብረት ስም ጋራ አንድ ድምፅ አለው። ስለዚህ ሴለርስ በ1958 ዓ.ም. ባወጣው ሸክላ ላይ ሚስተር አይረን፣ ማለት አቶ ብረት፣ የተባለ ዘፋኝ ፈጥሮ ከጋዜጠኛ ጋራ ቃለ ምልልስ ሲያደርግ አሰማ። ይህ ዘፋኝ የታወቀውን የጥንት የመለከት ዜማ በሮክ ኤንድ ሮል ሊያድሰው የተነሣ ነው። ጠያቂው እንደ ተማረ ሰው ይናገራል፤ ተጠያቂው የሰፈር ልጅ አነጋገር አለው። እንደ እኛ አስተያየት ሣቁ በልጁ ላይ ብቻ የወደቀ አይደለም፤ ልጁ ስለ ዘፈነ ብቻ እንደ ሊቅ ቆጥሮ የሚጠይቀውንም ሰው ይነካል።

በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ሸክላ ሴለርስ ከዘፋኙ አልፎ ወደ ዘፋኙ ነጋዴ ተሻገረ። ከፈረስ ንግድ ወደ ዘፋኝ ንግድ የገባ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ስለ ልጆቹ እንደ ፈረስ ሲያወራ ይሰማል። ነገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ላሪ ፓርንስ የሚባለው የዘፋኞች ሥራ አስኪያጅ ሬጂናልድ ስሚዝን ማርቲ ዋይልድ፣ ሮናልድ ዊቸርሊን ደግሞ ቢሊ ፊዩሪ ብሎ ስም እያወጣ ወደ መድረክ ያወጣ ነበር። አንዱ ስም ዱርን፣ ሌላው ቁጣን ያስታውሳል። ሴለርስ ዝና በፋብሪካ እንደሚሠራ ዕቃ የሚመረት መሆኑን ለሕዝቡ እያሣቀ አስረዳው።

እነዚህን ሸክላዎች ያዘጋጀው የፓርሎፎን ኩባንያው ጆርጅ ማርቲን ነበር። በ1962 ዓ.ም. ቢትልስ የተባሉት አራት የሊቨርፑል ልጆች ወደዚሁ ሰው ዘንድ መጡ። ጆን ሌነን የጉን ሾው ወዳጅ ሆኖ ያደገ ስለ ነበር የሴለርስን ሸክላ ያዘጋጀውን ሰው ገና ከመጀመሪያው አከበሩት። በ1964 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፊልማቸውን ያዘጋጀላቸውም ያ ሪቻርድ ሌስተር ነው። በፊልሙ ውስጥ ጋዜጠኞች ከበው ሲጠይቋቸው በፌዝ ይመልሳሉ። ሴለርስ በቃለ ምልልስ ላይ የቀለደውን ቀልድ አሁን ዘፋኞቹ ራሳቸው ይቀልዱት ጀመር።

ሴለርስም በ1965 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር ግራናዳ ቴሌቪዥን ለሌነንና ለማካርትኒ ባዘጋጀው ትርኢት ላይ ቀረበ። ታላቁ ተዋናይ ሎሬንስ ኦሊቪዬ በሼክስፒር ሪቻርድ ሣልሳዊ እንዳደረገው ለብሶና ድምፁንም ይዞ «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» የተባለውን ዘፈናቸውን ያለ ዜማ እንደ ንጉሥ ንግግር አነበነበው። ሸክላው በእንግሊዝ የሽያጭ ተራ 14ኛ ደረጃ ደረሰ። በአንድ ጊዜ ዘፈኑም፣ ታላቁ ተዋናይም ተቀለደባቸው፤ ሁለቱም ግን አልተዋረዱም።

በፊልም በኩልም ዝናው ሰፋ። በ1964 ዓ.ም. በታየው «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ሦስት ሰዎችን ሆኖ ሠራ፤ ኢንስፔክተር ክሉዞ የተባለውንም ሞኝ ፖሊስ የዓለም ወዳጅ አደረገው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ግን በልብ ሕመም ተደጋግሞ ተመትቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በቤቱ ደስታ አላገኘም። አራት ጊዜ አገባ፤ ቁጣውንም ሚስቶቹና ልጆቹ ተሸከሙት።

በ1978 ዓ.ም. በታየው የአሻንጉሊቶች ትርኢት በ«ማፔት ሾው» ላይ፣ አስተናጋጁ እንቁራሪት ዘና ብሎ ራሱን እንዲሆን በጋበዘው ጊዜ፣ ሴለርስ የራሱ የሚለው ሰው እንደሌለውና የነበረውንም በቀዶ ጥገና እንዳስወጣው መለሰ። ተመልካቹ ሣቀ፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ለብዙ ዓመታት ሊሠራው ሲጓጓ የቆየው «ቢይንግ ዜር» የተባለው ፊልም በ1979 ዓ.ም. ወጣ። ዓለምን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ አንድ አትክልተኛ ሆኖ ይታያል። ይህ ሰው በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ተደርጎለት ስለ አትክልት ሲናገር፣ አገሩ ሁሉ ስለ ኢኮኖሚ የተናገረ መስሎት ያደንቀዋል። በአቶ ብረት የጀመረው ቀልድ እዚህ ላይ ተፈጸመ፤ ልዩነቱ በዚህኛው ውስጥ ኀዘን መኖሩ ነው።

ሴለርስ ጁላይ 24 ቀን 1980 ዓ.ም. በ54 ዓመቱ ሎንዶን ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ በኑዛዜው መሠረት «ኢን ዘ ሙድ» የተባለው የግሌን ሚለር ዜማ ተሰማ። ይህ ዜማ በሕይወቱ ሳለ ፈጽሞ የሚጠላው ነበርና ወዳጆቹ በለቅሶው መካከል ሣቁ።

በትምህርት ቤት የመምህሩን፣ በመሥሪያ ቤት የአለቃውን አነጋገርና አኳኋን የማይቀዳ ወጣት ጥቂት ነው። መቅዳት የመማር መጀመሪያ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ሴለርስም ሌላውን ሰው በጥንቃቄ ማዳመጥ እንዴት ያለ ኃይል እንዳለው አሳይቶናል። ነገር ግን የተውሶ ልብስ የቱን ያህል ቢያምር ለባለቤቱ የሚመለስ ነውና፣ በመለስነው ቀን የምንለብሰውን የራሳችንን ልብስ ከወዲሁ ማሰፋት ይገባናል።