ገርማሜ ንዋይ

አቶ ገርማሜ ንዋይ (1917 ዓ.ም. አካባቢ – ታኅሣሥ 15 ቀን 1953 ዓ.ም.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወላይታ፣ ቀጥሎም የጅጅጋ አውራጃ ገዥ የነበሩ ባለሥልጣን ናቸው። ከታላቅ ወንድማቸው ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር የታኅሣሥ 1953ቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በመምራት ይታወቃሉ።

ትምህርት

በአዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በዊስኮንሲን፣ ከዚያም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። የማስተርስ ጽሑፋቸው ነጮች በኬንያ ስለ ሰፈሩበት ፖሊሲ ነበር። ርእሱ የጎረቤት አገር ይሁን እንጂ የመሬት አልባው ገበሬ ጉዳይ አገር ቤት ከተመለሱም በኋላ አልለቀቃቸውም።

ከወላይታ ወደ ጅጅጋ

ወላይታ ላይ ገዥ ሆነው ሲሾሙ አብዛኛው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። መንገድና ድልድይ አሠሩ፤ ጉቦ የሚቀበሉ ሹሞችን ተቆጣጠሩ። ጠብ ያስነሳው ግን ይህ አልነበረም። ጦሙን ያደረ መሬት ለመሬት አልባ ሰዎች ማከፋፈል ሲጀምሩ ባለርስቶቹ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። ገርማሜ አዲስ አበባ ተጠርተው ሲጠየቁ አላስተባበሉም። የተራበ ሕዝብ እንዲያስተዳድሩ እንደተላኩና ሕዝቡ የሚያርሰው መሬት ስላጣ እንደሰጡት በግልጽ ተናገሩ ይባላል። ከወላይታም ተነሡ።

የተላኩት ወደ ጅጅጋ ነበር። ሹመቱ በማዕረግ ዝቅ ያለ ባይሆንም ብዙዎች እንደ ግዞት ያዩታል፤ ባለርስት የሚያስቆጡበት እርሻ እምብዛም የሌለበት የአርብቶ አደር አገር ነውና። በዚያ ላይ የሐውድ ግጦሽ ከእንግሊዝ አስተዳደር የተመለሰው ገና በ1947 ዓ.ም. ነበር። ከጅጅጋ ወደ ቦረማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አውበሬ (በዚያን ጊዜ አጠራር ተፈሪ በር) አካባቢ ከብቱ በዝናብ ወቅት ወሰን ሳያግደው ይሻገራል። እዚህ ደግሞ ዋናው ጥያቄ መሬት ሳይሆን ውኃ ሆነ። ገርማሜ የውኃ ጉድጓድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ላይ አተኮሩ፤ ሶማሌው እንደ ሌላው ዜጋ ካልታየ መንግሥትን ሊቀበል እንደማይችል ያምኑ ነበር። የማዕከሉ ድጋፍ ግን የሚበቃ አልነበረም። በሰኔ 1952 ዓ.ም. ሶማሊያ ነጻ ስትወጣ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆነ።

የታኅሣሥ ግርግር

ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ የክብር ዘበኛ ጦር ሚኒስትሮችንና መሳፍንትን ይዞ አዲስ አበባን ተቆጣጠረ። የምድር ጦርና አየር ኃይል ግን አልተባበሩም። ሙከራው እንደከሸፈ ሲታወቅ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት መካከል ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን ጨምሮ ብዙዎች ተረሸኑ። ለመሬት አልባው የተሟገቱት ሰው ስም ከዚህ ግድያም ጋር አብሮ ይነሣል።

ወንድማማቾቹ ሸሽተው ታኅሣሥ 15 ቀን ተከበቡ። ገርማሜ እዚያው ሞቱ፤ ራሳቸውን ገደሉ ወይስ ተገደሉ በሚለው ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በአደባባይ ተሰቀለ። ቆስለው የተያዙት ጄኔራል መንግሥቱ ፍርድ ቤት ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።