የታገደው ጨዋታ፦ የአጸደ ሕፃናቱ ፍሮቤል

አጸደ ሕፃናት የሚለውን ስም በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁላችንም አንብበነዋል። ግን ለምን አጸድ? አጸድ እኮ ዛፍና አትክልት ያለበት ግቢ ነው። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ወረቀት ማጠፍን የሕፃናት ትምህርት ያደረገ አንድ ጀርመናዊ ሲሆን፣ የእኛው ስም የእሱ ቃል ትርጉም ነው።

ፍሬድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1782 በቱሪንጂያ ተራሮች መካከል፣ ኦበርቫይስባህ በምትባል መንደር ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና የዘጠኝ ወር ጨቅላ ሳለ ነው። አባቱ የመንደሩ ቄስ ነበር፤ ለልጁ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረውም። የእንጀራ እናቱም የራሷን ልጅ ስትወልድ ፊቷን አዞረችበት። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አጎቱ ወስዶ ባያሳድገው ኖሮ ምን ይውጠው እንደነበር እንጃ።

በ15 ዓመቱ የደን ሥራ ሊለምድ ገባ። ቀጥሎ ዬና ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ እዚያም ዕዳውን መክፈል አቅቶት ዘጠኝ ሳምንት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ታሰረ። በ1805 የሕንፃ ንድፍ ለማጥናት ብሎ ፍራንክፈርት ሄደና አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ፣ ልጅ በእጁ እየነካ ይማር ይል ከነበረው ከፔስታሎዚ ዘንድ ሁለት ዓመት ቆየ። በ1813 ናፖሊዮንን ሊወጋ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ በርሊን ውስጥ የማዕድን ድንጋዮችን ቅርጽ ሲያጠና ቆየና በ1816 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ።

እያስተማረ ሲሄድ አንድ ነገር ገባው፤ ዋናው ሥራ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። በ1837፣ በ55 ዓመቱ፣ በብላንከንቡርግ የሕፃናት መዋያ ጀመረ። በ1840 ደግሞ የልጆች አጸድ ብሎ ሰየመው። ልጅ ተክል፣ አስተማሪዋ አትክልተኛ ናት ማለቱ ነው። አስተማሪዋ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሴቶችን ለዚህ ሙያ አሠልጥኖ ደመወዝተኛ እንዲሆኑ በር ከፍቷል።

መሣሪያዎቹ ቀላል ነበሩ፦ የሱፍ ኳስ፣ የእንጨት ኪዩብ፣ ጭቃ፣ ወረቀት። አራት ማዕዘን ወረቀት በሦስት መንገድ ይታጠፋል። አንደኛው ለሒሳብ ነው፤ ለሁለት ሲታጠፍ ግማሽ፣ እንደገና ሲታጠፍ ሩብ ይሆናል። ሁለተኛው ልጁ የሚያውቀውን ዕቃ፣ ለምሳሌ ጀልባ፣ መሥራት ነው። ሦስተኛው ለውበት ብቻ ነው፤ ኮከብና አበባ የሚመስል ጌጥ ይወጣዋል። እስቲ አስቡት፣ ክፍልፋይን ያለ ጠመኔ ማስተማር!

ነገሩ ግን ቀላል ሆኖ አልቀረም። በነሐሴ 1851 የፕሩሲያ መንግሥት አጸደ ሕፃናትን አገደ። ምክንያት የተባለው ሶሻሊዝምና ክህደት ያስፋፋል የሚል ነው። የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሮቤል የጻፈው ጽሑፍ ከእሱ ሥራ ጋር ተምታቶ እንደነበር ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም። በሰኔ 1852፣ በ70 ዓመቱ፣ እገዳው ሳይነሳ ሞተ። የተነሳው በ1860 ነው።

ሥራውን ያዳኑት ተማሪዎቹና ደጋፊዎቹ፣ በተለይም ሴቶቹ ናቸው። አገር ለአገር እየዞሩ አስተማሩለት፤ የወረቀት ማጠፊያ መማሪያዎችም ታተሙ። በ1876 ቶኪዮ ውስጥ በእሱ ዘዴ የሚመራ አጸደ ሕፃናት ተከፈተ። ጃፓን የራሷ ጥንታዊ የወረቀት ማጠፍ ጥበብ ነበራት፤ ሁለቱ ተገናኙ። ዛሬ ኦሪጋሚ ብለን በስልካችን የምናየው የልጆች ጥበብ ውስጥ የሁለቱም እጅ አለበት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ መካነ ሰላምም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ከደብተሩ ወረቀት ገንጥሎ አውሮፕላን ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ቁጣ ነው። ደብተር ውድ ነውና የወላጅ ቁጣ ይገባኛል። ግን የተጻፈበት አሮጌ ደብተር፣ የዕቃ መጠቅለያ፣ ያለፈ ጋዜጣ ዋጋ የላቸውም። ኬጂን ልጁ ስንት የእንግሊዝኛ ፊደል ቆጠረ ብለን ብቻ ከለካነው፣ ከአጸዱ የቀረን ስሙ ነው። ፍሮቤልን ያገደው መንግሥት ነበር፤ እኛ ቤት ግን ጨዋታውን የምናግደው እኛው ነን። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና አንድ አሮጌ ወረቀት አብራችሁ እጠፉ። ግማሽና ሩብ ምን እንደሆነ ራሳቸው ይነግሯችኋል።